በጉልበት ልክ የተሰቀለ ሥዕል

"እዚያ አይደለም ጋሼ። ዝቅ ያድርጉት። ከዚያም ዝቅ።"

ፍሬም ሠሪው እርሳሱን ግድግዳው ላይ ሊያሳርፍ ሲል እጁን መለሰ። የታናሽ ወንድሙ ሚስት ጣቷን የቀሰረችው ከሶፋው ጎን፣ ከወለሉ ብዙም ባልራቀ ቦታ ላይ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ አንድ የልብስ ቅርጫት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ በጉልበት ልክ ነው። ሥዕሉን የምታይልሽ ድመት ነች?"

"ድመት የለንም።"

"ታዲያ ሥዕል በዓይን ልክ ነው የሚሰቀለው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰቀልኩት እንደዚያ ነው።"

"አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን እዚህ ነው የምፈልገው።"

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እሺ ብሎ ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰና ያን ቦታ ለመጨረሻ ተወው።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። የሰፈሩ ሰው "ውሃ ልክ" ይለዋል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም። ፍሬም ሲያበጅ አራቱ ማዕዘን ፀጉር አያሳልፍም። የተጣላ ሰውም እሱ ሱቅ ይመጣል፤ ከዚህኛው ትንሽ ቀንሶ፣ ለዚያኛው ትንሽ ጨምሮ፣ ሁለቱንም እኩል ወቅሶ አጨባብጦ ይሸኛቸዋል።

የወንድሙ ሚስት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት አምስት የታተሙ ሥዕሎች ጠቅልላ ሱቁ ይዛለት መጣች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ የገዛቻቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሥዕል ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ። በረዶ ላይ የቆመ ፈረስ፣ ለሁለት የተከፈለ ሮማን፣ ጀልባዎች የታሰሩበት ወደብ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን የምታጥብ ሴት፣ መስኮት አጠገብ ያለ ባዶ ወንበር። አልጋ ሥር ተጠቅልለው ስለኖሩ ጠርዛቸው አልዘረጋ ብሎት መስታወት ጭኖባቸው ሁለት ቀን አሳደራቸው። ከሥዕሎቹ ጋር አንድ ወረቀት ሰጥታው ነበር፤ የእያንዳንዱ ፍሬም ቁመትና ወርድ በሴንቲሜትር ተጽፎበታል።

"ሥዕሉ ትንሽ ነው፣ ያልሽው ፍሬም ትልቅ ነው" ብሏት ነበር ያኔ።

"ነጭ ጠርዙን ያስፉት" አለችው። እሱም አሰፋው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነውና ለሥራ ወጥቷል፤ የሚመለሰው ነገ ነው። ፍሬም ሠሪው ጠዋት መሣሪያውንና መሰላሉን ይዞ መጣ፤ ፈረሱን በመግቢያው ፊት ለፊት፣ በዓይን ልክ፣ ሰቀለው። እስከዚያ ሁሉም ደኅና ነበር።

"የሮማኑስ?"

"የቀን መቁጠሪያው ባለበት።"

የቀን መቁጠሪያው ካለፈው ዓመት የቀረ ነው። ከሚስማሩ አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ጥቁር ቀዳዳ አየ። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ጂብሰም ነው፤ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ጠርዙ ተፈርክሷል። ፍሬም ሠሪው ነገሩ ሳይገባው ሜትሩን ዘረጋ። ወርዱ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር። ከዚያ ሳያስበው እጁን ጨብጦ ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ቡጢው ልክ ገባ።

ዞር ብሎ አያት። ክንዷን አጣምራ ቆማ ነበር፤ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ እስኪሠራ እንደምትጠብቅ ዓይነት።

"ሌላው ከመጋረጃው ጀርባ ነው" አለች። "የጀልባዎቹ እዚያ ነው።"

መጋረጃውን ገለጠ። ሁለት ቀዳዳ፣ ጎን ለጎን። ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ሌላ፤ ጠርዙ ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር አለበት። ፍሬም ሠሪው እያንዳንዱን ለካ። ለምን እንደሚለካ አያውቅም፤ ለእጁ ሌላ ነገር አልመጣለትም። በመጨረሻ ከሶፋው ጎን ያለውን የልብስ ቅርጫት ራሷ ሳበችው።

ይሄኛው ከሁሉም ይሰፋል፤ ቅርፁም ክብ ነው።

"ይሄ የቡጢ አይደለም" አለ፤ ድምፁ ሰለለ።

"አይደለም። ይሄ የኔ ጭንቅላት ነው። ወድቄ ነበር፤ ከወደቅኩ በኋላ ፀጉሬን ይዞ ነው።"

ፍሬም ሠሪው በርከክ ብሎ ቀረ። ከቀዳዳው ስንጥር ውስጥ ሁለት ሦስት ረጃጅም ፀጉሮች ተይዘው ቀርተዋል።

"መለሰን ነበረበት" አለ። "ጂብሰም ይለሰናል። ሰው ልልክልሽ እችላለሁ።"

"ሰው አልጠራሁም ጋሼ። እርስዎን ነው የጠራሁት።"

ይህን እንዳለች በሩ ላይ ቁልፍ ዞረ። ሁለቱም ሰሙት። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ አልሮጠችም። ትከሻዋ ብቻ ወደ ጆሮዋ ከፍ አለ።

ታናሽየው የጉዞ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በሩን ይሞላዋል። ፍሬም ሠሪው ግን ዛሬም "ጩጬ" ነው የሚለው። ሲወለድ እሱ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደገው እሱ ነው። እናታቸውም ስትሞት እጁን ይዛ "አደራህን" ያለችው ስለዚህ ልጅ ነበር።

"ጋሼ! ምን እግር ጣለህ?" አለ ታናሽየው እየሳቀ። "መንገዱ ተዘግቶ ከግማሽ መለሱን። ምሳ ደርሷል?"

ቦርሳውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ወለሉ ላይ የተጋደመውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ከዚያ ግድግዳውን። ከዚያ የተገለጠውን መጋረጃ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ።

"ጩጬ" አለ ፍሬም ሠሪው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ግድግዳ ነዋ።"

"ያንተ እጅ ነው ወይ እያልኩህ ነው።"

"ቤቴ ነው ጋሼ። ግድግዳውም የኔ ነው። ሰው ይናደዳል፤ ግድግዳ ይመታል። ሰው ከመምታት አይሻልም?"

"ሁሉንም አይተዋል" አለች ሚስቱ። "ከሶፋው ጎን ያለውንም።"

ታናሽየው ወደ እሷ ዞረ። ሁለት እርምጃ ነበር የሚለያቸው። በእጁ ጀርባ አፏን መታት፤ ድምፁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር። ከግድግዳው ጋር ተላትማ ቀና ሳትል፣ የተሰቀለውን ፈረስ ከነፍሬሙ ነቅሎ ወደ ላይ አነሳው። እሷ ፊቷን በሁለት ክንዷ ሸፈነች። ፍሬሙን አወረደባት። መስታወቱ ተንኮታኩቶ ወለሉን ሞላ፤ ግራ ክንዷ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተተለተለ፤ ደሙ በጣቶቿ ጫፍ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

"ተው! ተው አንተ ልጅ!" ፍሬም ሠሪው ከኋላው ወገቡን አቀፈው። ታናሽየው ዞሮም አላየው። ክርኑን ወደ ኋላ ላከው። የሽማግሌው ጎድን ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ትንፋሹ ተቆረጠ፤ ከመሰላሉ ጋር ተያይዞ ወደቀ።

ከወደቀበት ሆኖ አየ። ወንድሙ ሚስቱን መስታወቱ ላይ ጥሏት ጉልበቱን ደረቷ ላይ አሳርፏል። ሁለት እጁ አንገቷ ላይ ነው።

"በወንድሜ ፊት!" ይላል። "በወንድሜ ፊት አዋረድሽኝ! ማን አለኝ ከሱ ሌላ? ማን አለኝ?"

ተረከዟ ወለሉን ይደበድብ ነበር። ከዚያ መደብደቡ ቀነሰ። ፊቷ ጠቆረ።

መዶሻው ከመሣሪያ ሣጥኑ ወድቆ ከፍሬም ሠሪው እጅ አጠገብ ነበር። እንዴት እንደተነሳ አያስታውስም። መዶሻውን ከጆሮው በላይ አንስቶ የወንድሙ ቀኝ ትከሻ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ ሲሰበር እንጨት የተሰነጠቀ መሰለው። ታናሽየው እንደ በሬ አጓርቶ በጎኑ ተንከባለለ፤ ሴትዮዋ በስተጀርባ አየር ስትስብ ተሰማ፤ ረጅም፣ ሻካራ፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። ፍሬም ሠሪው መዶሻውን መልሶ አነሳ። እጁ መንገዱን ያውቀው ነበር፤ ከላይ ወደ ታች የመምታትን መንገድ። የሚያየውም የወንድሙን ትከሻ ሳይሆን መሃል አናቱን ነበር።

ያኔ ታናሽየው ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ በደህናው እጁ ራሱን ሸፍኖ፣ በቀጭን ድምፅ "አጥፍቻለሁ ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ! ሁለተኛ አይለምደኝም!" አለ።

ይህን ድምፅ ፍሬም ሠሪው ያውቀዋል። ስምንት ዓመቱ ሳለ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ደብተር በጠፋ ቁጥር፣ ሰሃን በተሰበረ ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት በቀረ ቁጥር፣ በዚያች ባለ አንድ ክፍል ቤታቸው ጥግ ላይ ልጁ እንዲህ ተጣጥፎ እንዲህ ይል ነበር። ሰው ላደርገው ነው የምመታው ይል ነበር ፍሬም ሠሪውም። ጎረቤት ያመሰግነው ነበር፤ አባት የሌለውን ልጅ ሥርዓት አስያዘው እየተባለ።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

ታናሽየው ዱላው እንደቀረለት ሲያውቅ ቀስ ብሎ ክንዱን ከፊቱ አነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። "ምነው ተውከው?" አለ ጥርሱን ነክሶ። "ጨርሰው እንጂ። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?"

በሩ በኃይል ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ነበረች። ክፍት መሆኑን ስታውቅ ሳትጠራ ገባችና ወለሉን አይታ አፏን ያዘች። ወዲያው ግን ከአንገቷ ሻርፑን ፈትታ የአስተማሪዋን ክንድ ከብብቷ በታች ጠፍራ አሰረችው።

"ፖሊስ ደውያለሁ" አለች ማንንም ሳታይ። "ለስንት ጊዜ እየሰማሁ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ስጭን ኖሬያለሁ። ይቅር ይበለኝ።"

ፖሊሶቹ ታናሽየውን ይዘውት ሲወጡ ደረጃው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዱ "ባልና ሚስት ናቸው፣ ይታረቃሉ" ሲል ፍሬም ሠሪው ሰማው። የገዛ ራሱ አባባል ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዲህ እንደሚከረፋ አያውቅም ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ የአስተማሪዋን ክንድ ሃያ ሁለት ቦታ ሰፉት። የእሱም ሁለት ጎድን ተሰንጥቋል ብለው ደረቱን በፋሻ ጠፈሩት። ነርሷ መዝገቧን ከፍታ "ምን ሆነሽ ነው?" ስትላት ፍሬም ሠሪው ጎን ተቀምጦ ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል አስተማሪዋ ቀደመችው።

"ባሌ ነው" አለች። ድምፅዋ ተሰንጥቋል፤ አንገቷ ላይ የአሥሩ ጣት ቦታ አብጦ ይታያል። "ሲመታኝ ሰባት ዓመቱ ነው። የዛሬውን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም ነው የምትጽፊው?"

ነርሷ እስክሪብቶዋን አቆመች። ከዚያ አዲስ ገጽ ገለጠች።

በኋላ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው ይመጣል፤ ሰው ይሄዳል፤ እጅ መታጠቢያው ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል። ፍሬም ሠሪው ሲተነፍስ ጎኑን ይወጋዋል።

"ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ" አለ።

ስትመልስለት በአንተታ ነበር፤ ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ነግሬህ ነበር። ጥርሴን የሰበረኝ ቀን ሱቅህ መጣሁ። ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ። ውሃ ሰጠሁሽ።"

"ውሃ ሰጠኸኝ። አፌን ተጉመጠመጥኩ። ከዚያ ታክሲ ይዘህ ወስደህ ለሱ አስረከብከኝ። 'ትንሽ ቁጡ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው' አልክ። 'አንቺም አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ' አልክ። እሱን በግማሽ፣ እኔን በግማሽ ወቀስከን። እኩል አካፈልከን ጋሼ! ጥርሱ የኔ፣ ቡጢው የሱ፤ ጥፋቱ ግን እኩል።"

አንገቱን ደፋ።

"በዓመቱ አክስቴ ዘንድ ስሄድም መጥተህ መለስከኝ። ማንም ቢመጣ አልመለስም ነበር፤ አንተ ስለሆንክ ነው። ቀጥ ያለ ሰው ስለሆንክ። እና አሰብኩበት። ይሄ ሰው የሚነገረውን አያምንም፤ የለካውን ነው የሚያምነው አልኩ። ቀዳዳዎቹን እኔ ለካሁና ወረቀት ላይ ጻፍኩልህ። በፍሬም ልትሸፍናቸው ስትመጣ አንተም በሜትርህ ትለካቸዋለህ አልኩ።" ጉሮሮዋን ያዘች፤ ምራቅ መዋጥ አቃታት። "ቢመጣብን ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነገ ነበር የሚመጣው።"

"ሥዕሎቹንስ? አትወጃቸውም?"

"እወዳቸዋለሁ። ለዚያማ ነው የገዛኋቸው።" ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። "የራሴ ቤት ሲኖረኝ የምሰቅላቸው ነበሩ።"

ብዙ ነገር ሊላት ፈለገ። ይቅር በይኝ ማለት ፈለገ፤ ግን ሱቁ ውስጥ ስንት ሰው በዚህ ቃል አጨባብጦ እንደሸኘ ትዝ ሲለው አፉ ላይ ቀለለበት። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ መምታትን ያየው ከኔ ነው ሊላት አሰበ። ይህንንም ለእሷ ቢነግራት ሸክሙን ወደ እሷ ማዞር መሰለው። አክስቷ መጥታ ስትወስዳት ተነስቶ ቆመ፤ ጎኑን ይዞ እስከ በሩ ሸኛት። "ደኅና ሁኚ" አላት። "እሺ" ብላው ሄደች።

ፖሊስ ጣቢያው ከክሊኒኩ ሦስት መንገድ አልፎ ነው። በእግሩ ሄደ። ስልኩ በየመንገዱ ጠራ፤ የወንድሙ የሥራ ጓደኞች ናቸው። አንዱን አነሳው።

"ጋሼ፣ አይዞህ፣ ቶሎ እናስወጣዋለን" አለ ሰውዬው። "ትከሻው በመውደቅ የተሰበረ ነው ቢባል እኮ ለአንተም ይሻላል። እሷም ከመሰላል ወድቃ መስታወት ቆረጣት ቢባል ሁሉም በሰላም ያልቃል። አንተ ካልክ ማን ይጠራጠራል?"

"ማንም" አለ ፍሬም ሠሪው። ስልኩን ዘጋው።

ጣቢያው ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዘ አረንጓዴ ቀለም። በሽቦ ከተለየው ጥግ ላይ ታናሽየው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሐኪም አይቶት ክንዱን በፋሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥለውለታል። ወንድሙን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ሳይታሰብ ሲስቅ ልክ የልጅነት ፊቱ ነው የሚመጣው።

"መጣህ" አለ። "አውቃለሁ እንደምትመጣ። ጋሼ፣ ስለትከሻዬ አልከስህም፤ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም ይቅር በለኝ። ማን አለን? እናታችን ምን ብላ እንደሞተች አንተ ታውቃለህ።"

ፍሬም ሠሪው አየው። ለእናቱ የገባው ቃል በሕይወቱ ሙሉ አንድ ዓይነት ትርጉም ያለው ይመስለው ነበር፤ ልጁ እንዳይራብ፣ እንዳይታሰር፣ ሰው ፊት እንዳይዋረድ። ቢያወጣው ዛሬውኑ ቤቱ ወስዶ ሾርባ ሠርቶ ያጠጣዋል፤ ያለቅሳል፤ እውነቱን ነው የሚያለቅሰው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የአክስቷን በር ያንኳኳል።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ወጣት ፖሊስ ቀና አለች።

"አባት፣ ምን ይሆኑታል?"

"ወንድሙ ነኝ። ያሳደግኩትም እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ለዋስትና ነው የመጡት" አለችና ከመሳቢያው ፎርም ሳበች። ሽቦው ኋላ ታናሽየው ተነስቶ ጃኬቱን በአንድ እጁ መልበስ ጀመረ።

ፍሬም ሠሪው ጎኑን ደግፎ ወንበር ሳበ። እንዳያመው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"አይደለም ልጄ" አለ። "የምስክርነት ቃል ልሰጥ ነው።"

ፖሊሷ ፎርሙን መልሳ ነጭ ወረቀት አወጣች። "ከየት እንጀምር? ዛሬ ጠዋት ከሆነው?"

"ከዚያ በፊት ነው" አላት። "ከኔ ጀምረሽ ጻፊ።"